ጠመንጃው በሻንጣ፣ መቀርቀሪያው በኪስ

ሃልቫር ቶርጌርሰን ጠመንጃውን ለአውሮፕላን ጉዞ ሲያሰናዳ ሙሉ ከሰዓት በኋላውን ፈጀበት። ሥራው ያን ያህል ከባድ ሆኖ አይደለም። የአየር መንገዱ ደንብ አጭርና ግልጽ ነው። ጠመንጃው ጥይት አይኑርበት፤ በጠንካራ ሳጥን ውስጥ ይግባ፤ ሳጥኑ ይቆለፍ፤ ቁልፉ ከባለቤቱ እጅ አይውጣ፤ ባለቤቱም የመንገደኞች መመዝገቢያው መስኮት ጋ ሲደርስ «ጠመንጃ ይዣለሁ» ብሎ በአፉ ያስታውቅ። በቃ ይኸው ነው። ሃልቫር ግን አንዴ ያየውን ነገር ደግሞ ሳያይ የሚተኛ ሰው አይደለም። ጥይቶቹን በካርቶናቸው እንዳሉ በክር አሰረ፤ ፈታና እንደገና አጥብቆ አሰረ። ጓጉንቸሮቹን ዘይት ቀባ። ሳጥኑን ከቆለፈ በኋላ ክዳኑን በየማዕዘኑ እየጎተተ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንደሌለው አረጋገጠ። ከዚያም አንድ ነገር ትዝ አለውና መልሶ ከፈተው።

መቀርቀሪያውን አላወጣም ነበር። መቀርቀሪያ የሌለው ጠመንጃ ቧንቧና እንጨት ነው፤ ጥይት የሚያጎርሰውም፣ መትቶ የሚያስተኩሰውም፣ ቀለሁን የሚተፋውም ይህ ከስንዝር የሚያንስ የብረት ዘንግ ነው። በቶርጌርሰኖች ቤት ደግሞ ጠመንጃና መቀርቀሪያው አብረው ተጉዘው አያውቁም። ጠመንጃው በመኪናው ኋላ ከተጫነ መቀርቀሪያው በነጂው ደረት ኪስ ውስጥ ይሆናል። ሁለት ሰው ለአደን ወጥቶ የሽቦ አጥር ጋ ሲደርስ አንዱ ጠመንጃውን፣ ሌላው መቀርቀሪያውን ይይዛል፤ ጠመንጃው እንደገና ጠመንጃ የሚሆነው ሁለቱም ከተሻገሩ በኋላ ነው። ሃልቫር ይህን ከአባቱ ተማረ፤ ለልጁ ለሱኒቫም አስተማረ። ሱኒቫ ጠመንጃ መሸከም ከመቻሏ በፊት የመቀርቀሪያ ተሸካሚ ነበረች። በሱፍ ጓንቷ ጨብጣ ይዛው አጥሩ ሥር ትሹለከለክ ነበር።

እጁ የለመደውን አደረገ። መቀርቀሪያውን አውጥቶ በአሮጌ ካልሲ ጠቀለለና የአደን ኮቱ የግራ ደረት ኪስ ውስጥ ከተተው። አዝራሩንም ቆለፈ። ከዚያ በኋላ ነው እፎይ ያለው።

ሱኒቫ በአላስካ፣ ፌርባንክስ ከተማ የመንገድ መሐንዲስ ናት። እናቷ ከተቀበረች ወዲህ አባቷ ያለበት ሞንታና ድርሽ ብላ አታውቅም። ከአባቷ ጋር ተጣልታ አልነበረም። የቤታቸውን ኩሽና ሁለቱም ፈርተዋት ነበር፤ ሦስተኛው ወንበር ባዶ ሆኖ ሁለት ሰው እንዴት እንደሚበላባት የሚያውቅ ጠፋ። በስልክ ስለ ስንዴ ዋጋና ስለ በረዶ እያወሩ ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ በጸደይ ግን ደውላ፣ «አባዬ፣ የሙስ አደን ዕጣ ደረሰኝ። ያንን ጠመንጃ ይዘህ ና። አብረን እንውጣ» አለችው። ፈረስ የሚያህለውን ያን የሰሜን አጋዘን ለማደን እሱም ሳያስብ «እሺ» አለ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነው ዐይኑ ትዝ ያለው።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ በሚያየው ነገር ሁሉ መሐል ላይ የቆሸሸ መስታወት የመሰለ ነጥብ ተቀምጧል። ዳር ዳሩ ጥርት ያለ ነው። የሰው ፊት ማየት ሲፈልግ ጆሮውን ይመለከታል፤ ያኔ ፊቱ ከጎን ብቅ ይላል። በጠመንጃ መነጽር ግን ጆሮ ተመልክቶ ሙስ መምታት አይቻልም። ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውም ቀስ በቀስ ሊሄድ እንደሚችል ነግሮታል። ሃልቫር የወሰነው ይህን ነው፦ ጠመንጃውን ይዞ ይሄዳል፤ ካምፑ ሲደርሱ ለሱኒቫ ይሰጣታል፤ ዐይኑን የሚነግራት ያን ጊዜ ነው።

ወደ ግሬት ፎልስ አውሮፕላን ማረፊያ የወሰደው ጋስ ሎፍግሬን ነው። ጋስ ዕድሜ ልኩን ከሃልቫር ጋር አጥር የሚጋራ ጎረቤቱ ነው። ከሐኪሙ ሌላ ነገሩን የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው።

«ነገርካት?» አለ ጋስ ፒክአፑን እየነዳ።

«ምኑን?»

«የስንዴውን ዋጋ። ዐይንህን ነዋ።»

«እዚያ ስደርስ እነግራታለሁ።»

«ሙሱ ፊት ቆመህ? ‹ልጄ፣ ያ ሙስ ነው ወይስ ቁጥቋጦ?› ብለህ ልትነግራት?»

«ጠመንጃውን ሰጥቻት ስነግራት ይሻላል። ባዶ እጄን ሄጄ ከነገርኳት በሽተኛ ነኝ። ይህን ይዤ ከሄድኩ ግን የሚያወርስ አባት ነኝ።»

ጋስ ማርሹን ቀየረና፣ «ያው አንድ ሽማግሌ ነህ» አለ።

መስከረም ላይ ከዚያ ማረፊያ ከሚነሳው መንገደኛ ብዙው አዳኝ ስለሆነ፣ በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ ሎርና የሃልቫርን ሳጥን ስታይ ቅንድቧ እንኳ አልተነሳም።

«ጠመንጃ አለኝ» አለ ሃልቫር፣ በቃሉ እንዳጠና ሰው። «ጥይት አልጎረሰም። ላስታውቅ ነው።»

«እሺ፣ ይክፈቱልኝና ልየው።»

ከፈተላት። ሎርና ጎንበስ ብላ አየች። መቀርቀሪያው የነበረበት ቦታ ባዶ ስለሆነ ሥር ያለው ስፖንጅ ወለል ብሎ ይታያል። ጥይት ሊደበቅ የሚችልበት ጉድጓድ የለም።

«ሁሉም እንደርስዎ ቢሆን እንቅልፍ እተኛ ነበር» አለች። «ትናንት አንዱ ሲከፍትልኝ ከጥይቱ ጋር ግማሽ ሳንድዊች አገኘሁ።»

«ምን ነበር ሳንድዊቹ?» አለ ጋስ ከኋላ።

«አልቀመስኩትም።» የመግለጫ ካርድ አወጣችና ለሃልቫር ዘረጋችለት። «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ሃልቫር መስመሩን ለማግኘት ራሱን ወደ ጎን አዘነበለ። ሎርና ምንም ሳትናገር እስክሪብቶዋን ከመስመሩ ሥር አጋደመችለት፤ ፈረመ። ካርዱ ጠመንጃው አጠገብ ገባ፤ ጓጉንቸሮቹ ተቆለፉ።

«ቁልፉን ለማንም አይስጡ፤ ለኔም ቢሆን» አለች። «አሁን እዚያ አግዳሚው ላይ ይቀመጡ። ፈታሾቹ ይከፈት ካሉ ስምዎን እጠራለሁ።»

ስሙ አልተጠራም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሎርና ከመስኮቷ አውራ ጣቷን አሳየችው። ሳጥኑ አልፎ ወደ ታች ወርዷል። ጋስ የሃልቫርን ትከሻ መታ መታ አደረገና፣ «እኔ አጥሩ ጋ ነኝ» አለው። ሰው ሸኝቶ አውሮፕላኑ ሳይነሳ መሄድ ለጋስ ሥራን ሳይጨርሱ እንደመተው ነው። ሟች ሚስቱ ያስለመደችው ነው። ከማረፊያው አጥር ውጭ ባለው የጠጠር መንገድ ላይ ፒክአፑን አቁሞ፣ አውሮፕላኑ ደመና ውስጥ እስኪገባ ያያል።

ፍተሻው ጋ ሃልቫር ጫማውን፣ ቀበቶውን፣ ኮቱን በፕላስቲክ የዕቃ ሳህን ላይ አደረገ። ሳህኑ ወደ ኤክስሬዩ ገባ፤ ዕቃ የሚያጓጉዘው ጎማ ትንሽ ሄደና ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደገና ሄዶ ቆመ። ስክሪኑ ፊት የተቀመጠችው ሴት እጇን አነሳች፤ ኮርቤት የሚል ስም ደረቱ ላይ የለጠፈ ደንዳና ሰው መጣ።

«ይህ ኮት የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለ ሃልቫር፤ ይህን ሲል ቀኝ እጁ በራሱ ወደ ግራ ደረቱ ሄደ። እዚያ ሸሚዝ ብቻ ነበር። የሠራው ነገር ያኔ ገባው።

«ኮቱን ሳይነኩ ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ ይንገሩኝ።»

«የጠመንጃ መቀርቀሪያ ነው። ጠመንጃው ታች ነው፤ ተመዝግቧል፣ ተቆልፏል።»

«መቀርቀሪያውን ለምን ለዩት?»

«እንዳይተኮስ።»

ኮርቤት አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «አባባ፣ እንዳይተኮስ ብለው የጠመንጃ አካል ይዘው መንገደኛ መሐል ሊገቡ ነበር።»

«አሁን ሲሉት ይገባኛል። ቤት ሳለሁ ትክክል ነበር።»

«ቤትማ ትክክል ነው። አያቴ ቦት ጫማው ውስጥ ነበር የሚይዘው፤ ሲራመድ ቀጭ ቀጭ ይል ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ፖሊስ መጥራት ግዴታዬ ነው። አይደንግጡ።»

ፖሊሱ መጣ፤ መታወቂያውን አየ፤ ታች ደውሎ ሳጥኑ በትክክል መመዝገቡን ጠየቀ። ምናልባት ቅጣት በፖስታ ሊደርሰው እንደሚችል፣ ከዚያ በላይ ግን ነገሩን እንደማያከብደው ነገረውና ሄደ። ከዚያ ኮርቤት ምርጫውን አስቀመጠለት። ወይ ወጥቶ ሳጥኑን ያስመልሳል፣ መቀርቀሪያውን ውስጡ ይከታል፣ ምዝገባውንም እንደገና ይጀምራል፤ ይህ አውሮፕላን ግን አይጠብቀውም። ወይ መቀርቀሪያውን ለማይጓዝ ሰው ሰጥቶ ይሳፈራል።

ሃልቫር ነገሩን እንደ ልማዱ ከሁሉም በኩል አገላብጦ አየው። የሚቀጥለው በረራ ነገ ማታ ነው። ወደ አደን ካምፑ የምትወስዳቸው ትንሽ አውሮፕላን ደግሞ ነገ ጎህ ሲቀድ ትነሳለች። መቀርቀሪያውን ከተወ ለሱኒቫ የሚሰጣት ቧንቧና እንጨት ነው። ካልተወ ደግሞ ራሱ አይደርስም። ስልኩን አውጥቶ ደወለላት።

«አባዬ፣ ተሳፈርክ?»

«አልተሳፈርኩም። መቀርቀሪያው ኪሴ ውስጥ ተገኘ።»

ከወዲያ በኩል ለማፈን የተሞከረ ሳቅ ተሰማ። «የግራ ደረት ኪስ?»

«የግራው።»

«በካልሲ?»

«በካልሲ። ሱኒቫ፣ ሳጥኑን ላስመልስ ብል ይሄኛው ያመልጠኛል። አብራሪውን አንድ ቀን ጠብቀን ብትይው—»

«አይሆንም። ከነገ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ደመና ነው፤ አይበርም። ተወውና ና። እኔ የራሴ ጠመንጃ አለኝ። ላንተም ከጎረቤት እዋሳለሁ።»

«ያኛው ነው መምጣት ያለበት።»

«ለምን? ሌላ ጠመንጃ አያውቅህም እንዴ?»

ሃልቫር የኮርቤትን ጆሮ ተመለከተ፤ የሰውየው ፊት ከጎን ታየው። ኮርቤት ሌላ ሥራ እንዳለው ሰው ሳህኖቹን ይደረድር ነበር። ሃልቫር ካምፕ ውስጥ፣ ጠመንጃውን በሁለት እጁ ዘርግቶ ሊናገር ያዘጋጀውን ቃል ፈለገ። አንዱም አልመጣለትም።

«በየትኛውም አልተኩስም» አለ። «ዐይኔ መሐሉ ጠፍቷል። ጠመንጃውን የማመጣው ላንቺ ልሰጥሽ ነበር።»

አሁን ሳቅ የለም።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ክረምት።»

«ጋስ ያውቃል?»

«የበሩን ምሰሶ በትራክተር ስገጭ አይቷል።»

«እኔ መሐንዲስ ነኝ፣ አባዬ። የሚፈርሰውን ድልድይ ከመፍረሱ በፊት ቢነግሩኝ ነው የምወደው።» አለች ሱኒቫ። «ቆይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስለዚህ የምትመጣው ልትተኩስ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«ታዲያ ለመምጣት መቀርቀሪያ ምን ያደርግልሃል?»

ሃልቫር ጥያቄ ሳያስብበት የሚመልስ ሰው አይደለም። አሰበበት። ከላይም ከታችም ፈለገ።

«ምንም» አለ።

«በል ተሳፈር።»

ለጋስ ሲደውልለት የፒክአፑ ሬዲዮ ከኋላ ይሰማ ነበር።

«የት ነህ?»

«የት እሆናለሁ፣ አጥሩ ጋ። ያንተ አውሮፕላን ነው አልነሳ ያለው።»

«ተመልሰህ ና። መቀርቀሪያውን ኪሴ ውስጥ አገኙት።»

«ሃልቫር፣ ይህን በሰው ፊት ድገምልኝ» አለ ጋስ። «ብቻዬን ልሰማው አይገባም።»

ጋስ ጭቃ የያዘ ጫማውን እንዳደረገ ሲደርስ ኮርቤት በካልሲ የተጠቀለለውን ብረት ከገመዱ ማዶ አቀበለው። ጋስ በእጁ መዘነው።

«እኔ አንድ ጊዜ አጥር ስሻገር መቀርቀሪያ ሳላወጣ ቀርቼ ክረምቱን ሙሉ አኮረፍከኝ» አለ። «አሁን እኔ እስከ መቼ ላኩርፍ?»

«እስክመለስ ድረስ።»

«እሱ ይበዛል፤ ማን ያናግረኛል?» ከዚያ ቀረብ አለ። «ነገርካት?»

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«ተሳፈር አለች።»

ጋስ ራሱን ነቀነቀ፤ ካልሲውን በኮቱ የግራ ደረት ኪስ ከተተና አዝራሩን ቆለፈ። «በፖስታ ልላከው? ነገ ጠዋት ከተማ እወጣለሁ።»

«እሷን ልጠይቅና እደውልልሃለሁ።»

አውሮፕላኑ ሲነሳ ሃልቫር በመስኮቱ የክንፉን ጫፍ ተመለከተ። እንዳሰበውም ከጎን የጠጠሩ መንገድ ታየው፤ በመንገዱ ላይ በጠራራ ፀሐይ መብራቷን ያበራች ፒክአፕ ቆማለች።

ፌርባንክስ ሲደርስ ገና ብርሃን ነበር። ሳጥኑን ተቀብሎ ከበሩ ሲወጣ አንዲት ረጅም ሴት ወደ እሱ መጣችና ሁለት ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች።

«ወዴት ልቁምልህ?» አለችው።

«ትንሽ ወደ ቀኝሽ።»

ወደ ቀኟ አንድ እርምጃ አለች። ያኔ አያት። ጆሮ ግንዷ ላይ ሽበት ጀምሯታል፤ ማንም አልነገረውም ነበር። ስታቅፈው የሳጥኑ እጀታ መሐላቸው ገብቶ የሁለቱንም ጎድን ወጋ፤ ግን ወደ ጎን ያደረገው አልነበረም።

ቤቷ ኩሽና ውስጥ ካርታ፣ ድንኳንና የደረቀ የሳልመን ዓሣ የሞላውን ጠረጴዛ ጠረገችለት። ሃልቫር ቁልፉን አውጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእጁ ለሌላ ሰው ሰጠ። ሱኒቫ ከፈተች። ጠመንጃውን አንስታ ሰደፉን ትከሻዋ ላይ አደረገችና አወረደችው፤ ከዚያ ጣቷን ባዶው ቦታ ውስጥ ሰደደች።

«ጋስ በፖስታ ልላከው ወይ ይላል» አለ ሃልቫር። «ነገ ከላከው ከአደን ስንመለስ ይደርስሻል።»

«እንዳይልከው።»

«ያለሱ እኮ ቧንቧ ነው።»

«በቤታችን ሁለቱ አብረው አይጓዙም። ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ጠመንጃው ተሻገረ፤ መቀርቀሪያው አጥሩ ወዲያ ማዶ አለ።» ጠመንጃውን ወደ ሳጥኑ መለሰች። እሱን ሳይሆን ጓጉንቸሩን እያየች፣ «መጥቼ እወስደዋለሁ። ለገና» አለች።

ሃልቫር ነገሩን ሳያረጋግጥ የሚያልፍ ሰው አይደለም። «ለዘንድሮ ገና?»

«ለዘንድሮ።»

«እኛ ኩሽና?»

ሱኒቫ ጓጉንቸሩን ቆለፈች። «እኛ ኩሽና። ጋስንም እንጠራዋለን፤ ሦስተኛው ወንበር ላይ ይቀመጥ።»

«በጣም ነው የሚያወራው።»

«ለዚያ ነዋ የምንጠራው።»

ሃልቫር ራሱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ውጭ ያለው ዛፍ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፤ ግንዱን ሲመለከት ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ታዩት። «ስትመለሺ ታዲያ መቀርቀሪያውን በምን ታመጪዋለሽ?» አለ።

«በሻንጣ፣ አባዬ። በኪሴ አይደለም።»

በማግስቱ ማለዳ ትንሿ አውሮፕላን ከካምፑ አጠገብ አውርዳቸው ተመለሰች። ሱኒቫ የራሷን ጠመንጃ፣ ሃልቫር ደግሞ ስንቁን ተሸክመው በአኻያው መሐል ሲሄዱ ድንጋዩ የሚያንሸራትት ጅረት ጋ ደረሱ። ሱኒቫ ቆመች። መቀርቀሪያውን ከጠመንጃዋ አወጣች፤ የአባቷን እጅ ያዘችና በሱፍ ጓንቱ ውስጥ አስጨበጠችው።

«ያዝልኝ» አለችና ቀድማው ወደ ውሃው ገባች። እሱም ብረቱን ጨብጦ፣ ጆሮዋን እያየ ተከተላት።